አመክሮ ቀን ቆጥሮ በራሱ አይመጣም፦ ወንድሙ የታሰረበት ቤተሰብ ምን ያድርግ?

ጥያቄው፦ «ታናሽ ወንድሜ ጥቅምት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ተያዘ፤ በሰኔ 2014 ዓ.ም. በውንብድና ወንጀል 9 ዓመት ጽኑ እስራት ተፈረደበት። ከቂሊንጦ ተዛውሮ አሁን ዝዋይ ነው። ሰዎች ‹ከተፈረደበት ጀምሮ ሁለት ሦስተኛውን ሲጨርስ በአመክሮ ይለቁታል፣ ከእናንተ ምንም አይጠበቅም› ይሉናል። አንድ ሰው ደግሞ 80,000 ብር ከሰጣችሁኝ በይቅርታ ዝርዝር ውስጥ አስገባዋለሁ ብሎናል። በሄድን ቁጥር ዝምተኛና ቁጡ ሆኖ ነው የምናገኘው፤ ሥልጠናም አልደረሰኝም ይላል። እናታችን አልጋ ላይ ከዋለች ሰባት ወር ሆናት፣ እስካሁን አልነገርነውም። መንገዱ ስለከበደን ጠየቃውን ትተን ገንዘብ ብቻ ብንልክለት ይሻላል ወይ? ማረሚያ ቤት ሰውን ያርማል ወይስ ጭራሽ ያበላሻል?»

ጠየቃውን አታቋርጡ። ለዚያ ሰው አንድ ብር እንዳትሰጡ። የአመክሮውን ወረቀት ደግሞ ቀኑ እስኪደርስ ሳትጠብቁ ከዚህ ሳምንት ጀምራችሁ ሰብስቡ። ሦስቱም የተያያዙ ናቸው። ከቀን አቆጣጠሩ እጀምራለሁ፤ ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነውና።

የእስር ዘመን የሚቆጠረው ከተያዘበት ቀን እንጂ ከተፈረደበት ቀን አይደለም። በፖሊስ ጣቢያም ሆነ በቀጠሮ እስረኝነት ያሳለፈው ጊዜ ከቅጣቱ ይታሰብለታል። ጥቅምት 4 ቀን 2013 ከተያዘ 9 ዓመቱ የሚሞላው በጥቅምት 2022 ነው፤ ሁለት ሦስተኛው፣ ማለትም 6 ዓመቱ፣ በጥቅምት 2019 ይደርሳል። ሰዎቹ እንደነገሯችሁ ከሰኔ 2014 ብትቆጥሩት ግን ሰኔ 2020 ይሆናል። የ20 ወር ልዩነት ነው፤ አንድ ሰው ሃያ ወር ያለአግባብ ሊቆይ የሚችለው በዚህች ስሌት ምክንያት ነው። ስሕተቱ ብዙ ጊዜ በተንኮል አይፈጠርም። ወደ ማረሚያ ቤቱ የተጻፈው ትእዛዝ «ከተያዘበት ቀን ጀምሮ» ብሎ ቀኑን ሳይጠቅስ ያልፋል፤ መዝገብ ቤት ያለው ሠራተኛ በእጁ ያለው መረጃ ታራሚው በበሩ የገባበት ቀን ብቻ ይሆንና እሱኑ ይመዘግባል። በጣቢያ ያለፉት ሳምንታት እንዲህ ይጠፋሉ። ቅጣቱ ለሦስት እኩል የማይካፈል ሲሆንም ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ የ7 ዓመት ሁለት ሦስተኛ 4 ዓመት ከ8 ወር ነው፤ «ወደ አምስት ዓመት ገደማ» ብሎ መተው አራት ወር ማቃጠል ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የፍርዱን ሙሉ ግልባጭ፣ የጥፋተኝነቱንም የቅጣቱንም ክፍል፣ ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ማኅተም አስደርጎ ማውጣት ነው። ከዚያ በማረሚያ ቤቱ መዝገብ ላይ ካለው ጋር አስተያዩት፦ ስም እስከ አያት፣ የመዝገብ ቁጥር፣ የተያዘበት ቀን፣ የቅጣቱ መጠን። የአባት ስም በአንድ ፊደል ቢለያይ እንኳ አሁኑኑ ይታረም፤ ጉዳዩ ለፍርድ ቤት በሚቀርብበት ሳምንት ሲገኝ ወራት ያስበላል። ይግባኝ ተብሎ ቅጣቱ ተቀንሶ ከነበረ የይግባኙ ውሳኔ በፋይሉ መግባቱን አረጋግጡ፤ የሥር ፍርድ ቤቱ አሮጌ ትእዛዝ ብቻ ተቀምጦ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

«ሁለት ሦስተኛውን ሲጨርስ ይለቁታል» የሚለው ደግሞ ግማሽ እውነት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 202 አመክሮ የመፍቀድ ሥልጣን የሰጠው ለፍርድ ቤት ነው። ጥያቄው በሁለት በር ሊገባ ይችላል፤ አንደኛው የማረሚያ ቤቱ አስተዳደር የሚያቀርበው የድጋፍ አስተያየት ነው፣ ሁለተኛው ታራሚው ራሱ የሚያቀርበው አቤቱታ። ይህን ሁለተኛውን በር ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ስሙ ከዝርዝሩ ሲቀር ዝም ብሎ የሚቀጥለውን ዙር ይጠብቃል። ሁለት ሦስተኛው መድረሱ (ለዕድሜ ልክ ፍርደኛ 20 ዓመት) ጥያቄውን ለማቅረብ ያበቃል እንጂ ውሳኔውን አይተካም። ሕጉ ሦስት ነገር አብሮ ይፈልጋል፦ ታራሚው በሥራውና በፀባዩ ተጨባጭ መሻሻል ማሳየቱን፣ ያደረሰውን ጉዳት አቅሙ በፈቀደ መጠን መካሱን፣ ቢወጣ በመልካም ፀባይ ይኖራል ብሎ ለማመን የሚያበቃ ሁኔታ መኖሩን። ዳኛው ከእነዚህ አንዱንም በዓይኑ አላየም፤ የሚያየው ወረቀት ነው። ወረቀት ደግሞ በአንድ ወር አይሞላም። ወንድማችሁ ከዚህ በፊትም ተፈርዶበት የሚያውቅ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል፤ ውሳኔውን አስቀድማችሁ ለሕግ ባለሙያ አሳዩ።

ሰውየው ስለጠየቃችሁ 80,000 ብር። ይቅርታ፣ ምሕረትና አመክሮ በሰው አፍ ይቀላቀላሉ፤ ደላላ የሚበላውም በዚህ ግርታ ነው። ምሕረት የሚሰጠው በሕግ ነው፤ የሚመለከተውም በስም የተመረጠን ሰው ሳይሆን የወንጀል ዓይነትን ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የምሕረት አዋጅ ቁጥር 1096/2010 በዋናነት ከፖለቲካ ጋር የተያያዙ ወንጀሎችን የነካ ነበር። ይቅርታ ግን በግለሰብ ደረጃ የሚታይ ነው፤ በፌዴራል ጉዳይ የይቅርታ ቦርድ መርምሮ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል፣ የሚሰጠው የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ነው። ቅጣቱን ያስቀራል ወይም ይቀንሳል፣ የጥፋተኝነት ፍርዱን ግን ከመዝገብ አይፍቅም። ማመልከቻውን ታራሚው ራሱ፣ ቤተሰቡ ወይም ጠበቃው ያቀርበዋል። በመካከሉ ዝርዝር የሚሸጥ ሰው ቦታ የለውም። ገንዘቡ የሚበላ መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ የባሰው ጉቦ መስጠት ራሱ ወንጀል መሆኑና የወንድማችሁ ስም ከዚያ ጋር መነሣቱ ነው። ይቅርታ መጠየቅ ከፈለጋችሁ በሕጋዊው መንገድ ጠይቁ፤ ዕቅዳችሁን ግን በአመክሮው ላይ መሥርቱ፤ የሚጠይቀው ነገር ተለይቶ የታወቀ ነው፣ ልትሠሩበትም ትችላላችሁ።

ለፋይሉ ቤት ውስጥ አንድ ክላሰር መድቡ። ዋናው ሰነድ ሁሉ እናንተ ጋ ይቀመጥ፣ እሱ ጋ ኮፒው ይሁን። ይህን የምለው በፍተሻና በዝውውር ጊዜ ወረቀት ስለሚጠፋ ነው። ቂሊንጦ ሳለ ኮርስ ወስዶ ወይም በቤተ መጻሕፍት አገልግሎ ከነበረ፣ ያ መረጃ ዝዋይ ላለው ፋይል ተከትሎት ላይመጣ ይችላል፤ በጽሑፍ ይጠየቅ። የዲሲፕሊን ቅጣት ካለበት ቀኑን፣ ጥፋቱንና የተቀጣውን ቅጣት የሚገልጽ ውሳኔ እንዲሰጠው ይጠይቅ። «የሥነ ምግባር ጉድለት አለበት» የምትል አንዲት መስመር፣ ቀን ከሌላት፣ የአራት ዓመት በፊቱን ጠብ የትናንት ታስመስለዋለች። ከቅጣቱ በኋላ ሁለት ዓመት ያለምንም ጥፋት ከቆየ ሪፖርቱ እሱንም እንዲናገር መጠየቅ መብቱ ነው።

በካሳው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ በብዛት የሚዘነጋው እሱ ስለሆነ። ፍርዱ ላይ የተወሰነ ካሳ እንዳለ አንብቡ፤ ካልተወሰነም ከተበዳዩ ጋር መስማማት ይቻላል። ወደ ተበዳዩ ቤት ራሳችሁ እንዳትሄዱ፤ እንደ ዛቻ ሊቆጠር ይችላል፣ ተበዳዩም ዳግም የመሸበር ግዴታ የለበትም። ሁለቱም ወገን የሚያከብራቸው ሽማግሌዎች ይሂዱ፤ ሰውየው አልፈልግም ካለ እዚያው ይብቃ፣ ሙከራው ግን በሽማግሌዎቹ ፊርማ ይመዝገብ። ከተስማማ ስምምነቱ በሦስት ቅጂ ይጻፍ፤ ክፍያው በባንክ ይሁንና ደረሰኙ በክላሰሩ ይግባ። ሕጉ የሚጠይቀው አቅም የፈቀደውን ያህል ነው። እንደኔ እንደኔ ወንድማችሁ ውስጥ ሠርቶ ከሚያገኛት ላይ በየወሩ 500 ብር ለሁለት ዓመት ቢልክ፣ የሚጠራቀመው 12,000 ብር ቤተሰቡ በመጨረሻው ሳምንት አንድ ላይ ከሚጥለው 12,000 ብር እጅግ የበለጠ ይናገራል፤ የሚከፍለው ራሱ ነውና።

ሕጉ ለሚፈልገው ሦስተኛ ነጥብ፣ ማለትም ቢወጣ በመልካም ፀባይ ይኖራል ለሚለው፣ የት እንደሚኖርና በምን እንደሚተዳደር የሚያሳይ ነገር ያስፈልጋል፦ የሚቀበለው ዘመድ አድራሻውንና የመታወቂያ ኮፒውን አያይዞ የሚፈርመው የጽሑፍ ቃል፣ ከተገኘም ሥራ ሊሰጠው ፈቃደኛ የሆነ ሰው ደብዳቤ። የሐሰት የሥራ ደብዳቤ እንዳታመጡ፤ ይጣራል፣ ከተነቃበት ደግሞ የቀረውን እውነተኛ ማስረጃ ሁሉ ያረክሰዋል።

ያርማል ወይስ ያበላሻል ላላችሁት፦ ስም መቀየር ብቻውን አያርምም። የቀድሞው የአዲስ አበባ ወህኒ ቤት በሕዝቡ ዘንድ «ዓለም በቃኝ» ይባል ነበር፤ ቦታው ላይ ዛሬ የአፍሪካ ኅብረት አዳራሽ ቆሟል፣ ወህኒ ቤቱም ማረሚያ ቤት ተብሏል። ውጤቱን የሚወስነው ግን በውስጡ ያለው የዕለት ኑሮ ነው፤ ከዕለት ኑሮው ደግሞ መጀመሪያ ቦታ። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ በጋራ ክፍል ለአንድ ሰው 3.4 ካሬ ሜትር ይመክራል። 10 ሜትር በ12 ሜትር የሆነ አዳራሽ አስቡ፤ 120 ካሬ ነው፣ በዚህ ልክ 35 ሰው ይይዛል። 80 ሰው ሲገባበት ለያንዳንዱ 1.5 ካሬ ይደርሳል፤ የአንድ ፍራሽ ስፋት ያህል ማለት ነው። እዚያ ውስጥ ሰው በጎኑ ይተኛል፣ ጎረቤቱ ሲገላበጥ ይነቃል፣ ሌሊት ወደ ሽንት ቤት ለመሄድ በሰው ላይ ይረማመዳል፣ መብራቱ አይጠፋም፣ ዕቃው ደግሞ ራስጌው ስለሆነ አንድ ጆሮው ሁልጊዜ ንቁ ነው።

ዝምታውንና ቁጣውን በዚህ ዓይን እዩት። ለዓመታት እንቅልፍ ያጣና ሁልጊዜ ዙሪያውን የሚጠብቅ ሰው አጭር ተናጋሪ፣ ቶሎ ቱግ የሚል ይሆናል። ይህ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ አካባቢው የጠየቀውን ፀባይ ለብሷል። አብዛኛው ሲወጣ ቀስ እያለ ይለቃል፣ ወራት ቢወስድም። የሚያሳስቡ ምልክቶች ሌሎች ናቸው፦ ምግብ መተው፣ ልብስና ዕቃውን ለሰው ማደል፣ ከቤተሰብ ጋር አልገናኝም ማለት፣ «ለማንም አልጠቅምም» የሚል ንግግር፣ ምክንያቱን የማይናገረው ቁስል፣ በድንገት የጨመረ የገንዘብ ጥያቄ። ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ በዚያው ቀን ሳትወጡ ለክሊኒኩ ወይም ለተሐድሶ ክፍሉ ባለሙያ ተናገሩ። ራሱን ሊጎዳ እንደሚችል የሚያሳይ ቃል ከሰማችሁ «እንዲሁ ነው የሚናገረው» ብላችሁ አትለፉት።

ጭንቅንቅ በሽታንም ይወልዳል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ ካለ የቲቢ ምርመራ ይጠይቅ፤ ሕክምናው ነጻ ነው፣ በተለመደው የቲቢ ዓይነት 6 ወር ይወስዳል። ትልቁ አደጋ መድኃኒት ጀምሮ ሲዛወር ወይም ሲፈታ የሕክምና ካርዱ አብሮት ሳይሄድ መቅረቱ ነው፤ የተቋረጠ መድኃኒት በሽታውን ለመድኃኒት እንዳይበገር ያደርገዋል። በተጨናነቀ ክፍል ቅማል ከበዛ ተስቦና ግርሻ ይከተላሉ፤ ስለዚህ ሳሙናና ቅያሪ የውስጥ ልብስ ከብስኩት ይበልጣሉ።

ስለ መብቱ ልታውቁት የሚገባው ዋናው፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 ነው። ታራሚ ሰብአዊ ክብሩን በሚጠብቅ ሁኔታ የመያዝ መብት አለው፤ ከትዳር ጓደኛው፣ ከቅርብ ዘመዶቹ፣ ከጓደኞቹ፣ ከሃይማኖት አማካሪው፣ ከሐኪሙና ከጠበቃው ጋር የመገናኘትም መብት አለው። የፌዴራል ማረሚያ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 1174/2012 ይመራሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የጸደቁት የተባበሩት መንግሥታት የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች ደግሞ ከ15 ተከታታይ ቀን በላይ ለብቻ መነጠልን፣ በጨለማ ክፍል መቅጣትንም ይከለክላሉ። ድብደባ ወይም የሕክምና ክልከላ ከደረሰበት ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የክፍሉን ቁጥር ጻፉና መጀመሪያ ለማረሚያ ቤቱ አስተዳደር፣ መልስ ከሌለ ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ወይም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቅርቡ። ያለ እሱ ፈቃድ ግን አቤቱታ እንዳታስገቡ፤ ማታ እዚያ የሚያድረው እሱ ነው።

«ሥልጠና አልደረሰኝም» ማለቱ እውነት ሊሆን ይችላል። ማረሚያ ቤቱ የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ፣ ስፌት፣ ሽመና ወይም ግንባታ ያሠለጥናል ማለትና ለወንድማችሁ ወንበር አለው ማለት አንድ አይደለም። 20 ሰው በሚይዝ ወርክሾፕ ላይ መቶዎች ይመዘገባሉ። ስለዚህ «ሥልጠና አለ ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «በየትኛው ዙር ተመዝግቧል፣ ስንተኛ ነው፣ በሳምንት ስንት ሰዓት በተግባር ይሠራል?» በሉ። ወንበር እስኪገኝ መደበኛ ትምህርቱን ይቀጥል፤ ያቋረጠው 8ኛ ወይም 10ኛ ክፍል ከሆነ ከዚያው ይጀምር፣ ተምሮ ከጨረሰ ደግሞ ሌሎችን ያስተምር፤ ማስተማር በሪፖርት ላይ ከባድ ክብደት ያለው ነገር ነው።

ሙያውን ስትመርጡ ወረፋው አጭር የሆነውን ሳይሆን ሲወጣ ሊሠራበት የሚችለውን ይምረጥ። ብየዳ ጥሩ ገቢ አለው፣ ነገር ግን ማሽን፣ ጠንካራ የኤሌክትሪክ መስመርና የሥራ ቦታ ይፈልጋል። ፀጉር ማስተካከል በጥቂት ዕቃ ይጀመራል። ስፌት በአንዲት መኪና ቤት ውስጥ ይቻላል። ቀለም ቅብና ንጣፍ ሥራ ደግሞ በሰው ግንባታ ላይ ተቀጥሮ ይሠራል፣ መነሻ ገንዘብም አይጠይቅም። የትኛውንም ይማር፣ መጨረሻው የብቃት ምዘና (ሲኦሲ) መሆን አለበት፤ ከማረሚያ ቤቱ የተሳትፎ ወረቀት ብቻ ይዞ የወጣ ሰው ቀጣሪ ፊት ስለ እስሩ ብቻ እንዲያወራ ይገደዳል። «ራንድ» የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2013 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ አገናዝቦ፣ በእስር ቤት የተማሩ ሰዎች ወደ ወንጀል የመመለስ ዕድላቸው ካልተማሩት በ43 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። ከዚህ ከፊሉ መጀመሪያውኑ ለመለወጥ የወሰነ ሰው ትምህርት ስለሚመርጥ ሊሆን ይችላል፤ የአሜሪካ ሁኔታም የእኛ አይደለም። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው።

ጠየቃውን ትተን ገንዘብ ብንልክ ላላችሁት መልሴ አጥብቄ አይሆንም ነው። የሚኒሶታ ግዛት የማረሚያ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ጥናት ከ16,000 በላይ የተፈቱ ሰዎችን ተከታትሎ፣ ጠያቂ የነበራቸው በከባድ ወንጀል ዳግም የመፈረድ ዕድላቸው በ13 በመቶ ቀንሶ አግኝቷል። ምክንያቱን ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። ጠያቂ ያለው ሰው ውስጥም ይከበራል፤ ቢታመም የሚጮህለት እንዳለ ይታወቃል፤ ሲወጣ የሚገባበት በር አለው። ጥሬ ገንዘብ ግን ተቃራኒውን ሊያመጣ ይችላል፦ ቁማር፣ ብድር፣ «ጠባቂህ ነኝ» ባይ ጉልበተኛ። ከላካችሁ በማረሚያ ቤቱ በኩል፣ በየወሩ ተመሳሳይ የሆነ መጠነኛ ገንዘብ ይሁን፤ ቀሪውን በስንቅ፣ በሳሙና፣ በደብተርና በመጽሐፍ ተኩት። ዝዋይ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በየሳምንቱ ሁላችሁም መሄድ አይጠበቅባችሁም። አንድ ሰው በየሁለት ሳምንቱ፣ ተራ ገብታችሁ፣ በማይቀየር ቀን ሂዱ። መጡ አልመጡ እያለ በር ከሚያይ፣ ያችን ቅዳሜ አውቆ ቢጠብቅ ይሻለዋል። መንገዱ በእርግጥ ካልተቻለ ለቤተሰብ ቅርብ ወደሆነ ማረሚያ ቤት እንዲዛወር በጽሑፍ ጠይቁ፤ የእናታችሁን የሕክምና ማስረጃ አያይዙበት፣ ያለ ምክንያት የቀረበ ጥያቄ ወረፋ ላይ ይቀራል።

ስለ እናታችሁ። እንዳይጨነቅ ብላችሁ መደበቃችሁ ይገባኛል፤ በአገራችን ለታሰረ ሰው ክፉ ወሬ አለመንገር እንደ ደግነት ይቆጠራል። ነገር ግን ማረሚያ ቤት ውስጥ ወሬ በሌላ ታራሚ ጠያቂ በኩል ይደርሳል፤ ያኔ የሚሰማው ሕመሟን ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡ ሲዋሸው መክረሙን ጭምር ነው፣ ከዚያ በኋላ የምትነግሩትን መልካም ነገርም አያምንም። ሁኔታዋ ቢከፋና መርዶው በዚያ ቢደርሰው ጉዳቱ ከዚህም ይበልጣል። በሚቀጥለው ጠየቃ ታላቅ የሆነው፣ እሱ የሚያከብረው ሰው ይንገረው። በጠየቃው መጀመሪያ እንጂ ልትወጡ ስትሉ አይሁን፤ እንዲያለቅስና እንዲጠይቅ ጊዜ ይኑረው። አስቀድማችሁ ለተሐድሶ ክፍሉ ባለሙያ ወይም ለሃይማኖት አባቱ አሳውቁ፣ ማታ የሚያየው ሰው እንዲኖር። ከተቻለ ድምፅዋን በስልክ የሚሰማበትን መንገድ አመቻቹ፤ ደብዳቤ ማስጻፍም ይቻላል።

በመጨረሻ የሚፈታበት ወቅት አለ፤ ሰው በብዛት የሚወድቀው እዚያ ነው። አመክሮ ከተፈቀደለት የቀረው 3 ዓመት የፈተና ጊዜ ይሆናል፤ ሕጉ ይህን ጊዜ ከ2 ዓመት እንዳያንስና ከ5 ዓመት እንዳይበልጥ ያደርጋል። ፍርድ ቤቱ የመኖሪያ ቦታን፣ የሚርቃቸውን ሰዎችና ቦታዎች፣ ሥራን የሚመለከት ሁኔታ ሊያስቀምጥ ይችላል። ትእዛዙን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ቤት ውስጥ ሁሉም ያንብበው። በዚህ ጊዜ ሌላ ወንጀል ከሠራ ወይም ሁኔታዎቹን ከጣሰ አመክሮው ተሽሮ የቀረውን ሊፈጽም ይመለሳል። በተግባር የሚከታተለው ቤተሰብ ነው፤ ውጭ የሚጠብቀው የተደራጀ ድጋፍ ቀጭን ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ቀድማችሁ አስቡ፦ የሚተኛበት ቦታ፣ የመፈታቱን ማስረጃ ይዞ መታወቂያውን ማሳደስ፣ የፋይዳ ምዝገባ፣ መድኃኒት ካለው የጤና ጣቢያ ዝውውር፣ በመጀመሪያው ሳምንት የሚጀምረው ቀላልም ቢሆን ሥራ። የድሮ ግብረ አበሮቹ ያሉበት ሰፈር የምትኖሩ ከሆነ በመጀመሪያው ዓመት ሌላ ዘመድ ጋ ቢቀመጥ እመርጣለሁ። ከመታሰሩ በፊት ሱስ የነበረበት ከሆነ፣ ውስጥ መተዉ ድኗል ማለት አይደለም፤ ስላላገኘው ነው ሊሆን የሚችለው፣ ሕክምናውን ከመውጣቱ በፊት አፈላልጉለት።

የወንጀል ሪከርዱ ዕድሜ ልኩን ይከተለዋል የሚባለውም ልክ አይደለም። የወንጀል ሕጉ «መሰየም» የሚለው ሥርዓት አለው፤ በጽኑ እስራት የተቀጣ ሰው ቅጣቱን ከፈጸመ ቢያንስ 5 ዓመት፣ በቀላል እስራት የተቀጣ 2 ዓመት ካለፈው በኋላ በመልካም ፀባይ መኖሩንና ካሳውን መክፈሉን አሳይቶ ፍርዱ እንዲሰረዝለት ፍርድ ቤትን መጠየቅ ይችላል። እስከዚያ ድረስ የወንጀል ነጻ ማስረጃና ዋስ የሚጠይቁ መሥሪያ ቤቶች በር ይከብደዋል፤ በራሱ ወይም ከሰው ጋር ተጣምሮ የሚሠራበትን ሙያ ይዞ መውጣት አለበት ያልኩትም ለዚህ ነው። ለካሳው የምትቆርጧቸውን ደረሰኞች አመክሮው ከተፈቀደ በኋላም ከክላሰሩ እንዳታወጧቸው፤ ለመሰየሙ ጥያቄ የሚቀርቡት እነሱ ናቸው።